ኢቤይ በሦስት ቋንቋ ተጻፈ፤ ገበያውን ያስዘጋው ግን መዝገቡ ነበር

ዕቃውን በኢንተርኔት አሳይቶ ለመሸጥ፣ የየቅርንጫፉን የመጋዘን ሒሳብ በአንድ ገጽ ላይ ለማየት፣ ወይም ገዢና ሻጭን በኮምፒዩተር ለማገናኘት ያሰበ ነጋዴ ሥራውን ለባለሙያ ለመስጠት ሲደራደር መጀመሪያ የሚገጥመው ጥያቄ ከንግድ ጋር ዝምድና ያለው አይመስልም። ጥያቄው «በምን ቋንቋ ይጻፍ?» የሚል ነው። አንዱ ባለሙያ ፒኤችፒ ይላል፤ ሁለተኛው ጃቫ፤ ሦስተኛው ፓይተን። ሁሉም የየራሱን ያወድሳል፣ የሌላውን ያጣጥላል። ገንዘብ አውጪው ደግሞ በመሐል ቆሞ፣ የማያውቀውን ዕቃ እንደሚያማርጥ ሰው፣ የተጠየቀውን ዋጋ ብቻ አነጻጽሮ ይፈርማል።

ክርክሩ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። የቋንቋው ምርጫ ነገ ማን ሊጠግነው እንደሚችልና ጥገናው ስንት እንደሚያስወጣ የሚወስን በመሆኑ ከገንዘብ ጋር ቀጥተኛ ግንኙነት አለው። ነገር ግን ትልልቅ ድርጅቶችን ለኪሳራ የዳረጉ አደጋዎች ሲመረመሩ ጥፋቱ የተገኘው ከቋንቋው ጀርባ ባለው መዝገብ፣ ወይም ሁለቱ በሚገናኙበት በር ላይ ሆኖ ይታያል። የአሜሪካው የኢንተርኔት ጨረታ ገበያ ኢቤይ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው።

ገጽ፣ ጸሐፊና መዝገብ

ነገሩን በሱቅ ምሳሌ ማየት ይቻላል። ደንበኛው በስልኩ ወይም በኮምፒዩተሩ የሚያየው ገጽ የሱቁ መስኮት ነው። ከጓዳ ያለው ዳታቤዝ ደግሞ መዝገቡ ነው፤ ምን ዕቃ እንዳለ፣ ስንት እንደሚሸጥ፣ ማን ስንት ዕዳ እንዳለበት የተጻፈው እዚያ ነው። በሁለቱ መካከል የሚመላለስ አንድ ጸሐፊ አለ፤ ከመስኮቱ ጥያቄ ይቀበላል፣ መዝገቡን ይገልጣል፣ መልሱን አሰናድቶ ያቀርባል። ባለሙያዎቹ የሚከራከሩት ይህ ጸሐፊ በምን ቋንቋ ይጻፍ በሚለው ላይ ነው።

መዝገቡ ግን የራሱ ቋንቋ አለው፤ ኤስኪውኤል ይባላል። በአይቢኤም ኩባንያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1974 ይፋ የሆነ ሲሆን፣ ኦራክልም ሆነ ማይኤስኪውኤል ወይም ፖስትግሬስ ዛሬም የሚሠሩት በዚሁ ነው። የመካከለኛው ጸሐፊ ቋንቋ በየጊዜው ሲለዋወጥ የመዝገቡ ቋንቋ ግማሽ ምዕተ ዓመት ዘልቋል። ለገንዘብ አውጪው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጸሐፊው ቢለቅ ወይም ቢባረር መዝገቡ ይቀራል፤ በሥርዓት የተያዘ መዝገብ ካለ ሌላ ጸሐፊ በሌላ ቋንቋ መጥቶ ሥራውን ሊቀጥል ይችላል።

በበዓል ቀን የተጻፈው ገበያ

እ.ኤ.አ. በመስከረም 1995 ሚስተር ፒየር ኦሚድያር፣ ከኢራናውያን ወላጆች ፓሪስ የተወለዱት ፕሮግራመር፣ የአሜሪካ የሠራተኞች ቀን በሚከበርበት ረዘም ያለ የዕረፍት ጊዜ ውስጥ ካሊፎርኒያ ቤታቸው ተቀምጠው የጨረታ ድረ ገጽ ጻፉ። ስሙ ኦክሽን ዌብ ነበር፤ ኢቤይ የተባለው በኋላ ነው። የጻፉትም በፐርል ቋንቋ ነው። ፐርልን ሚስተር ላሪ ዎል እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጡት የጽሑፍ ፋይሎችን ለማገላበጥ ነበር፤ ነፃ በመሆኑና በየሰርቨሩ ላይ ስለሚገኝ ግን በዚያን ጊዜ የድረ ገጽ ሠሪዎች ሁሉ ይጠቀሙበት ነበር።

አሠራሩ እጅግ ተራ ነበር። ለጨረታ የቀረበ እያንዳንዱ ዕቃ ለብቻው አንድ ፋይል ነበረው። ዕቃ በስም መፈለግ አይቻልም፤ ገዢው በየዓይነቱ የተደረደረውን እየገለጠ ያያል። ማሽኑም ከኤሌክትሮኒክስ መደብር በሚገዙ ዕቃዎች የተገጣጠመ ነበር። መጀመሪያ የተሸጠው ዕቃ የተበላሸ የሌዘር መጠቆሚያ ሲሆን ያወጣውም ዋጋ 14 ዶላር ከ83 ሳንቲም ነው። ብዙም ሳይቆይ የኢንተርኔት አቅራቢው ድርጅት የተጠቃሚውን ብዛት አይቶ በወር 250 ዶላር ክፈሉ አላቸው። ሚስተር ኦሚድያርም ወጪያቸውን ለመሸፈን ከሻጮች ኮሚሽን መጠየቅ ጀመሩ። በነፃ የተጀመረው ገጽ ወደ ንግድ የተለወጠው በዚህ ሒሳብ ነው።

ዛሬ አንድ ባለሙያ ይህን አሠራር ቢያይ ይስቅበታል። በነጋዴ ዓይን ሲታይ ግን ፐርል ለሚስተር ኦሚድያር የሸጠላቸው ነገር ጊዜ ነው። ገዢና ሻጭ ይመጡ እንደሆነ በጥቂት ቀናት ሥራ ለማየት ቻሉ፤ መጡም። ያ አሠራር የተሸከመው በአንድ ጊዜ 50 ሺህ ያህል ዕቃ ድረስ ነበር፤ ከዚያ በላይ አልቻለም። ያለ ደንበኛ ለሚሊዮን ዕቃ የሚበቃ ሥርዓት በውድ አሠርቶ ባዶ ገበያ ከመጠበቅ፣ ደንበኛ አግኝቶ ማስፋት እንደሚሻል ለማንም ነጋዴ አይነገርም። በሶፍትዌር ላይ ሲሆን ግን ብዙዎች ይዘነጉታል።

ሰኔ 1999፦ 22 ሰዓት የተዘጋ ገበያ

እ.ኤ.አ. በመስከረም 1997 ፐርሉ ቀረና በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ አዲስ ፕሮግራም ተተካ። ከዚህ ጋር አብሮ የመጣው ሌላው ለውጥ ግን ይበልጥ ክብደት ነበረው፤ በየፋይሉ ተበታትኖ የነበረው የዕቃ ዝርዝር ወደ ኦራክል ዳታቤዝ ገባ። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 24 ቀን 1998 ኩባንያው አክሲዮኑን ለሕዝብ ሲሸጥ አንዱ ድርሻ በ18 ዶላር ወጥቶ በዕለቱ ከ47 ዶላር በላይ ዘጋ። ገበያው ደራ፤ ተጫራቹ በዛ። መዝገቡ ግን አንድ ትልቅ ማሽን ላይ ነበር።

እ.ኤ.አ. ሰኔ 10 ቀን 1999 ያ መዝገብ ተበላሸ። ጣቢያው ለ22 ሰዓት ያህል ተዘጋ። ጨረታ የሚያውቅ ሰው የዚህን ትርጉም ይረዳዋል። የጨረታ ዋጋ የሚወጣው በመጨረሻዋ ሰዓት ነው፤ በዚያች ሰዓት በሩ ከተዘጋ ሻጩ ዕቃውን በወረደ ዋጋ ያጣል፣ ወይም ጨረታው ይፈርሳል። ኩባንያው ከሻጮች የተቀበለውን ክፍያ ለመመለስ የተገደደ ሲሆን ይህም ከ3 እስከ 5 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያሳጣው በጊዜው አስታወቀ። ከዚህ የከፋው በአክሲዮን ገበያ የደረሰበት ነው፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ የድርሻው ዋጋ ሩብ ያህል ወረደ። አምስት ሚሊዮን ዶላር የጠፋበት ጉዳይ የባለአክሲዮኖችን ሀብት በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ቀነሰው።

ለመሆኑ የቋንቋው ጥፋት ነበርን? አልነበረም። መካከል ያለው ጸሐፊ በፐርልም ይጻፍ በጃቫ፣ መዝገቡ ሲበላሽ የሚያነበው አይኖረውም። የጎደለው ነገር መዝገቡ ሲወድቅ ወዲያውኑ የሚተካ፣ ዝግጁ ሆኖ የሚጠብቅ ሁለተኛ መዝገብ ነበር። ከአደጋው በኋላ ኢቤይ ያስገባውም ይህንኑ ነው።

ተመሳሳይ ነገር ከብዙ ዓመታት በኋላም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በጥር 31 ቀን 2017 ጊትላብ የተባለው፣ የፕሮግራመሮችን ሥራ የሚያከማች ኩባንያ፣ አንድ ሠራተኛ በስሕተት ትክክለኛውን ዳታቤዝ ደመሰሰበት። አምስት ዓይነት የመጠባበቂያ ዘዴ ነበረው፤ ሲፈለግ ግን አንዱም እንደታሰበው አልሠራም። በመጨረሻ የተገኘው ከስድስት ሰዓት በፊት በአጋጣሚ የተወሰደ ቅጂ በመሆኑ የስድስት ሰዓት ሥራ ጠፋ። ኩባንያው ሩቢ በተባለ፣ ባለሙያዎች በሚያወድሱት ቋንቋ የሚሠራ ነበር።

ስለዚህ ነጋዴው በውሉ ላይ «የመጠባበቂያ ቅጂ ይኖራል» የሚል ሐረግ በማየቱ ብቻ መርካት የለበትም። ቅጂው በየስንት ሰዓቱ እንደሚወሰድ፣ ከዋናው ማሽን ውጪ የት እንደሚቀመጥ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከቅጂው ተነስቶ ሥራ ለመጀመር ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ በሙከራ ይታይለት ዘንድ መጠየቅ ይገባዋል። ሙከራው የግማሽ ቀን ሥራ ነው። አላሳይም የሚል ባለሙያ የትኛውንም ቋንቋ ቢችል ቀብድ ሊቀበል አይገባውም።

ሦስተኛው ቋንቋ

ሲ ፕላስ ፕላሱም ቢሆን ዕድሜ አልነበረውም። ፕሮግራሙ ከ3 ሚሊዮን መስመር በላይ ደርሶ፣ ሁሉም በአንድ ላይ የተጋገረ 150 ሜጋባይት የሚሆን ፋይል ሆነ። በመቶ የሚቆጠሩ ፕሮግራመሮች በዚያው ላይ ይሠሩ ስለነበር አንዱ የነካው ሌላውን ይነካል። በመጨረሻ የተጻፈውን ወደ ማሽን ትእዛዝ የሚለውጠው ኮምፓይለር ራሱ በአንድ ክፍል ውስጥ ሊቀበል የሚችለው የትእዛዝ ብዛት ወሰን ላይ ደረሰ። ከ2002 ጀምሮ ኢቤይ ሥራውን በጃቫ እንደገና ጻፈው፤ ይህም በአንድ ሌሊት ሳይሆን ገበያው ክፍት ሆኖ ዓመታት የፈጀ ሥራ ነው።

የኩባንያው መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ2006 አሠራራቸውን በአደባባይ ባስረዱበት ጊዜ ብዙ ጊዜ የወሰዱት ስለ ጃቫ በመናገር አልነበረም። የተናገሩት መዝገቡን እንዴት እንደከፋፈሉት ነው። የዕቃው መዝገብ በየዓይነቱ ተከፍሎ በብዙ ማሽን ላይ ተቀመጠ፤ የተጠቃሚዎች መዝገብ ለብቻው ሆነ፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ይሠራል። ማስላት፣ መደርደር፣ አንዱን መዝገብ ከሌላው ማመሳከር ከዳታቤዙ ወጥቶ ወደ ጃቫው ፕሮግራም ተዛወረ። ምክንያቱ የገንዘብ ነው፤ የጸሐፊዎችን ማሽን በርካሽ ማብዛት ይቻላል፣ የመዝገቡን ማሽን ግን ከተወሰነ በላይ ማሳደግ አይቻልም። በዚያ ዓመት መዝገቦቹ በቀን 26 ቢሊዮን የኤስኪውኤል ጥያቄ ያስተናግዱ እንደነበር ገልጸዋል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ይህን የሰማ ባለሙያ አምስት ሺህ ዓይነት ዕቃ ላለው አስመጪ «እንደ ኢቤይ እንሥራው» ቢል ደንበኛውን ለማይገባው ወጪ ይዳርገዋል። ለአነስተኛና መካከለኛ ንግድ የሚሻለው ተቃራኒው ነው፤ ዱቤ ከልክ እንዳያልፍ፣ ከመጋዘን ካለው በላይ ዕቃ እንዳይሸጥ፣ ደንበኛ የሌለው ደረሰኝ እንዳይገባ ዳታቤዙ ራሱ ይቆጣጠር። ጸሐፊው ቢሳሳት መዝገቡ አልቀበልም ይላል። ኢቤይ ይህን ቁጥጥር ከመዝገቡ ያወጣው አማራጭ ስላጣ ነው።

የሰው ገበያ

ቋንቋ ሲመረጥ የሚገዛው ሁለተኛው ነገር ሰው ነው። በዚህ ረገድ የፒኤችፒ ታሪክ ለነጋዴ የቀረበ ነው። ግሪንላንድ የተወለዱት ሚስተር ራስሙስ ሌርዶርፍ እ.ኤ.አ. በ1994 የጀመሩትና በ1995 ይፋ ያደረጉት ለግል ገጻቸው ነበር፤ አዲስ ቋንቋ ለመፍጠር ያሰቡ አልነበሩም። የቋንቋ ሊቃውንት ዘወትር ይነቅፉታል፤ ነቀፋቸውም መሠረት አለው። ይሁን እንጂ በምን ቋንቋ እንደሚሠሩ ከሚታወቁት የዓለም ድረ ገጾች መካከል ከዐሥሩ ሰባት ያህሉ ዛሬም በፒኤችፒ ይሠራሉ። ይህ ማለት ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ውጭ አገር ቢሄድ ወይም ዋጋ ቢያስወድድ ሌላ ሰው ይገኛል ማለት ነው። ጃቫም በባንኮችና በትልልቅ ድርጅቶች ዘንድ ይህን ያህል ሰው አለው፤ የሰዓት ዋጋው ግን ከፍ ይላል።

ተቃራኒው ምሳሌ ቪያዌብ ነው። ሚስተር ፖል ግራሃምና ሚስተር ሮበርት ሞሪስ እ.ኤ.አ. በ1995 ነጋዴዎች የራሳቸውን የኢንተርኔት ሱቅ የሚከፍቱበትን ፕሮግራም በሊስፕ ጻፉ። ሊስፕ ኃይለኛ ቋንቋ ነው፤ የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ናቸው። ሚስተር ግራሃም ተፎካካሪዎቻቸው በወራት የሚሠሩትን እነሱ በቀናት ይሠሩት እንደነበር በኋላ በጻፏቸው ጽሑፎች አስረድተዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 ያሁ ኩባንያውን 49 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በሚያወጣ አክሲዮን ገዛው። የሚገርመው፣ ቪያዌብ ዳታቤዝ የሚባል ነገር አልነበረውም፤ ሁሉንም በፋይል ያስቀምጥ ነበር። እስከ ጥር 2003 ድረስ ያሁ ዋናውን ክፍል በሲ ፕላስ ፕላስና በፐርል አስጽፎ ተካው። ለመሥራቾቹ ሊስፕ ትርፍ አመጣ፤ የገዛው ኩባንያ ግን ጸሐፊውን ከዜሮ ጀምሮ አስጻፈ። ኩባንያ የሚገዛ ባለሀብት ዋጋ ሲቆርጥ ይህንን ወጪ ማስላት ነበረበት ማለት ነው።

ፌስቡክ ደግሞ ሦስተኛ መንገድ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2004 በፒኤችፒና በማይኤስኪውኤል ተጀመረ። ተጠቃሚው በመቶ ሚሊዮን ሲቆጠር ፒኤችፒ የማሽን ወጪውን አናረበት። ሁሉንም በሌላ ቋንቋ እንደገና መጻፍ ከዚያ የበለጠ የሚያስወጣ ሆኖ ስለተገኘ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ፒኤችፒውን ወደ ሲ ፕላስ ፕላስ የሚለውጥ መሣሪያ ሠሩ፤ በ2014 ደግሞ ሃክ የተባለ፣ ከፒኤችፒ የወጣ የራሳቸውን ቋንቋ አስተዋወቁ። ከቋንቋው ከመውጣት ቋንቋውን መለወጥ ረከሰላቸው። እንዲህ ያለ አቅም ያለው ድርጅት በዓለም ላይ በጣት የሚቆጠር ነው፤ ሌላው በመረጠው ቋንቋ ይኖራል።

በበሩ የገባው ሌባ

ጸሐፊውና መዝገቡ የሚገናኙበት በር የራሱ አደጋ አለው። ደንበኛው በገጹ ላይ ስሙን እንዲጽፍ ሲጠየቅ፣ በስሙ ፋንታ ለመዝገቡ የሚሆን ትእዛዝ ቢጽፍና ጸሐፊው ሳያስተውል እንዳለ ቢያስተላልፈው መዝገቡ ይታዘዛል። «ስሜ እገሌ ነው፤ በተጨማሪም የሁሉንም ደንበኛ ዝርዝር ስጠኝ» እንደማለት ነው። መድኃኒቱ ከታወቀ ቆይቷል፤ ትእዛዙና ደንበኛው የጻፈው ቃል በየራሳቸው ሣጥን ተለያይተው ወደ ዳታቤዙ እንዲሄዱ ማድረግ ነው። ጃቫ ይህን ከ1997፣ ፒኤችፒም ከ2005 ወዲህ በማንኛውም ዳታቤዝ ላይ በአንድ ዓይነት መንገድ እንዲሠራ አዘጋጅቶ አቅርቦታል። በሁሉም ቋንቋ በጥንቃቄም በግዴለሽነትም መጻፍ ይቻላል።

የእንግሊዙ የስልክና የኢንተርኔት ኩባንያ ቶክቶክ በዚህ በር ተጠቅቷል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2015 አጥቂዎች የ157 ሺህ ያህል ደንበኞችን መረጃ ወሰዱ፤ ከነዚህ ውስጥ ከ15 ሺህ በላይ የሚሆኑት የባንክ ሒሳብ ቁጥራቸው ጭምር ተወስዷል። ሲመረመር በሩ የተከፈተው ቶክቶክ ራሱ ባልጻፋቸው ሦስት ገጾች በኩል ነበር። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2009 የቲስካሊን የእንግሊዝ ሥራ ሲገዛ አብረውት የመጡ አሮጌ ገጾች ናቸው። በጀርባቸው የነበረው የዳታቤዝ ሶፍትዌርም ያረጀ ሲሆን፣ የጥገና ማስተካከያው ከሦስት ዓመት በፊት ወጥቶ በነፃ ይገኝ ነበር። የአገሪቱ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2016 የ400 ሺህ ፓውንድ ቅጣት ጣለ። ቅጣቱ ከኪሳራው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ ኩባንያው አደጋው ወደ 60 ሚሊዮን ፓውንድ እንደሚያስወጣውና 95 ሺህ ደንበኞች በዚሁ ምክንያት እንደለቀቁት ራሱ አስታውቋል።

በኢትዮጵያም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የደንበኛ ስምና ስልክ የሚይዝ ነጋዴ ኃላፊነት አለበት። የሚሸጥ ሱቅ ወይም ድርጅት ከነድረ ገጹ የሚገዛ ሰው የሕንፃውን ካርታና የግብሩን ክሊራንስ እንደሚያይ ሁሉ፣ በገጹ ጀርባ ያለው ሶፍትዌር ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደታደሰ መጠየቅ አለበት። የሰርቨሩና የድረ ገጹ ስም በፕሮግራመሩ የግል ስም ተመዝግቦ እንደሆነም ይታይ፤ ከሆነ የተገዛው መስኮቱ ብቻ ነው።

አማርኛ ሲገባበት

እስካሁን የተነገረው በእንግሊዝኛ ስለሚሠሩ ገበያዎች ነው። በአማርኛ የሚሠራ ሲሆን የቋንቋው ምርጫ ተጨማሪ ነገር ያመጣል፤ ይህንንም የውጭ ባለሙያ አስቀድሞ አይነግርም።

የኢትዮጵያ ፊደል ዓለም አቀፍ የኮምፒዩተር ቁጥር ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ነው። በተለመደው የአጻጻፍ ሥርዓት አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ቦታ ሲይዝ አንድ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። በኦራክል ላይ ለስም «20» ተብሎ የተመደበ ቦታ፣ በተለይ ካልተነገረው በቀር፣ 20 ባይት ማለት ነው፤ ስለዚህ ስድስት ፊደል ብቻ ይገባበታል። ገብረመድኅን የሚባል ደንበኛ ስሙ ሳያልቅ መዝገቡ አልቀበልም ይላል። ፒኤችፒም በተራው ትእዛዝ «አበበ» ስንት ፊደል ነው ተብሎ ሲጠየቅ ዘጠኝ ይላል፤ ትክክለኛውን ሦስት እንዲል ሌላ ትእዛዝ መጠቀም ያሻል። ፓይተን ሦስተኛው ዕትሙ ከወጣበት ከ2008 ጀምሮ ያለ ተጨማሪ ትእዛዝ ሦስት ብሎ ይቆጥራል። ማይኤስኪውኤል ደግሞ እስከ 2018 ድረስ ካልተነገረው በቀር የሚያውቀው የላቲን ፊደላትን ብቻ ስለነበር፣ በቆዩ ሥርዓቶች ላይ የአማርኛ ስም ገብቶ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይወጣል። የተለወጠው ፊደል ተመልሶ አይገኝም።

ከዚህ የሚከብደው የዱቤ መዝገብ ነው። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሃይሉ ተብሎ የሚጻፈው ስም ለሰው አንድ ሲሆን ለዳታቤዝ ሦስት ሰው ነው። አንዱ ጸሐፊ በ«ኃ» ሌላው በ«ሀ» ከመዘገበው፣ መቶ ሺህ ብር የዱቤ ወሰን የተሰጠው ደንበኛ ሳያውቀውም ቢሆን ሦስት መቶ ሺህ ሊወስድ ይችላል። ማንኛውም ቋንቋ ይህን በራሱ አይፈታውም፤ ስሙን ከመመዝገቡ በፊት ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ የሚያመጣ መፈለጊያ ማስጻፍ፣ ደንበኛውንም በስም ሳይሆን በቁጥር መያዝ ያስፈልጋል። ሥራው የአንድ ቀን ነው፤ ካልተጠየቀ ግን የሚሠራው የለም።

የመጨረሻው ጣጣ የቀን መቁጠሪያው ነው። ዳታቤዞች የሚያውቁት የፈረንጆቹን አሥራ ሁለት ወር ነው። በሥርዓት የሠለጠነ ፕሮግራመር ቀኑን በፈረንጅ አስቀምጦ በገጹ ላይ በኢትዮጵያ ያሳየዋል፤ ለጃቫ ይህን የሚያደርግ ጆዳ ታይም የተባለ ዝግጁ መሣሪያ አለ፣ የዘመኑ የኢንተርኔት ማሰሻዎችም በጃቫስክሪፕት በኩል ይችሉታል። የቸኮለው ግን መስከረምን 1፣ ጥቅምትን 2 እያለ የኢትዮጵያውን ቀን እንዳለ ወደ መዝገቡ ይከተዋል። አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል። ጥቅምት 30 ሲደርስ ግን መዝገቡ የካቲት 30 የሚባል የፈረንጅ ቀን የለም ብሎ ይመልሰዋል፤ በአሮጌው የማይኤስኪውኤል አሠራር ከሆነ ደግሞ ምንም ሳይናገር ቀኑን በዜሮ ይሞላዋል።

ፕሮግራሙን በኅዳር የተረከበ ነጋዴ ይህን አያይም። ኅዳርም ታኅሣሥም ያልፋል፤ ሰኔ 30 ሒሳቡ ያለ አንዳች ችግር ይዘጋል። የስድስት ወር የጥገና ዋስትና ቢሰጠው በግንቦት አልቋል። የመጀመሪያው ጉድለት የሚታየው ጳጉሜን 1 ቀን፣ ለአዲስ ዓመት ገበያው በደራበት ሰዓት፣ በአሥራ ሦስተኛው ወር የተቆረጠው የመጀመሪያ ደረሰኝ መዝገቡ ውስጥ አልገባም ሲል ነው።